«የትኛውን ሬዲዮ ልግዛ?» ከማለት በፊት፦ አማተር ሬዲዮ ጀማሪዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

የምኖረው ለገጣፎ ዳር፣ ቤቱ አልቆ እርሻው በሚጀምርበት በኩል ነው። ስለ አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ብሎ በራስ ሬዲዮ ከሌሎች ጋር ስለ መነጋገር፣ የሚጠይቁኝ ልጆች ሁሉ «የትኛውን ልግዛ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ቆዩ፣ መጀመሪያ አዳምጡ እላለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት በእጅ ከሚያዝ ሬዲዮ መጀመር ነው። ርካሽ ናት፣ እውነት ነው። ግን ሞገዷ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ኮረብታ ከጋረደው አለቀ። ሩቅ አገር የሚሰማው በአጭር ሞገድ ነው። ደግሞም ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ ክልክል ነው፤ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማዳመጥ ብዙ ያስተምራል። አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ያለውን፣ የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ የሆነውን የአማተሮች ክበብ ጣቢያም ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ ገንዘቡን ሁሉ ሬዲዮ ላይ ጨርሶ አንቴናውን መርሳት። አማተሮች ከሚጠቀሙባቸው የአጭር ሞገድ ፍሪኩዌንሲዎች አንዱ ለሆነው 14.2 ሜጋኸርዝ የሚሆን ዳይፖል (መሃሉ ተከፍሎ ወደ ሁለት ጎን የሚዘረጋ የሽቦ አንቴና) ጠቅላላ 10 ሜትር ያህል ሽቦ ነው፤ በየጎኑ 5 ሜትር። 143ን በሜጋኸርዙ ማካፈል ነው። ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡና እየለካችሁ አሳጥሩ፤ ያጠረ ሽቦ አይረዝምም። መስቀያው ረጅም የባሕር ዛፍ አጠና ይሁን። ቢወድቅ ግን የመብራት ሽቦ ላይ በማይደርስበት ቦታ ብቻ ትከሉት። በዚህ ቀልድ የለም፤ ሰው ይሞታል። ክረምት ላይ ደመና ሲጠቁር፣ መብረቅ አለና፣ የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ንቀሉና ከቤት አውጡት።

«ሬዲዮዬ ይጮሃል፣ ተበላሽቷል» ማለትም የተለመደ ስህተት ነው። እኔም ወራት ለፍቼበታለሁ። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ሬዲዮው በባትሪ ነበርና ጩኸቱ ድንገት ጸጥ አለ፤ ሰምቼ የማላውቃቸው ደካማ ድምፆች ብቅ ብቅ አሉ። መብራቱ ሲመጣ የቤቱን ዕቃ አንድ በአንድ ነቃቀልኩ። ጥፋተኛው የስልክ ቻርጀር ነበር። እናንተም መብራት ሲጠፋ አትዘኑ፣ ሬዲዮውን ክፈቱ።

ሰዓት ማምታታትም አለ። ከማን ጋር መቼ እንደተገናኛችሁ የምትይዙት መዝገብ የሚጻፈው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ነው። በቀን በእኛ ሰዓት ላይ 3 ደምሩ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት 06:00 ነው። በማታ ግን 15 ደምሩ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት 18:00 ይሆናል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደግሞ 23:00 ነው፤ በዩቲሲ ቀኑ ገና አልተለወጠም። ቀኑንም በፈረንጆች አቆጣጠር ጻፉት።

የመጨረሻው፣ አሮጌ ዲሽ መጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው የኳታር ሳተላይት፣ ኢስሃይል-2፣ የአማተሮች መቀበያና ማስተላለፊያ ተሸክማለች፤ ኪውኦ-100 ይሉታል። ከእኛ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከፍ ብላ አናት አካባቢ ናት። የቴሌቪዥን ዲሽ ከነኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ላይ ያለችው መቀበያ)፣ ርካሽ የኤስዲአር ዶንግል (ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ትንሽ ሬዲዮ መቀበያ) እና ላፕቶፕ ካላችሁ በ10,489 ሜጋኸርዝ አካባቢ የአውሮፓና የአፍሪካ አማተሮች ሲያወሩ ትሰማላችሁ። ድምፁ ከቦታው ሸሸት ካለ አትደንግጡ፤ ኤልኤንቢው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ፍሪኩዌንሲው ይንሸራተታል። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አብሩት።