የጠበቁት ነገር ሲቀር የሚነሳውን ንዴት እንዴት መያዝ ይቻላል?

መጀመሪያ ንዴቱ ከየት እንደመጣ ይለዩ። ሜክሲኮ አደባባይ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ የአየር ጤና ታክሲ ሰልፍ ላይ እንበል። ታክሲው ሲሞላ ከሰልፉ ጭራ ያለው ሰው ብዙም አይከፋውም። እግሩን ሊያነሳ ሲል ረዳቱ «ሞልቷል!» ብሎ በሩን የዘጋበት ሰው ግን ደሙ ይፈላል። ሁለቱም አልተሳፈሩም፤ የተለያየው የጠበቁት ነው።

አንጎል ይህን ልዩነት ይመዘግባል። የነርቭ ሳይንቲስቱ ቮልፍራም ሹልትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጦጣዎች የለመዱት ሽልማት በሰዓቱ ሳይመጣላቸው ሲቀር ዶፓሚን (ከሽልማት ጋር የተያያዘ የአንጎል ኬሚካል) የሚለቁት የአንጎል ሴሎቻቸው ለአፍታ ጸጥ እንደሚሉ አሳይተዋል። እነዚህን ሴሎች ጸጥ ከሚያሰኙት አንዷ ላተራል ሃቤኑላ የምትባል ትንሽ የአንጎል ክፍል ናት። ስለዚህ ንዴት ሲሰማዎ ራስዎን «ምን ዓይነት ሰው ነኝ» ብለው አይውቀሱ። «ምን ጠብቄ ነበር?» ብለው ይጠይቁ።

ቀጥሎ እጅዎን ይሰብስቡ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ ብስጭት ጉልበት ይጨምራልና። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አብራም አምሰልና ዣክሊን ሩሰል እ.ኤ.አ. በ1952 የተራቡ አይጦችን ሁለት ተከታታይ መተላለፊያ ውስጥ አስሮጡ። በመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ምግቡን ያጡ ጊዜ፣ ምግብ ካገኙበት ጊዜ ይልቅ በሁለተኛው መተላለፊያ በፍጥነት ሮጡ። ፒያሳ ኤቲኤም ፊት የቆመ ሰውም እንዲሁ ነው፦ ማሽኑ ብር ሳይሰጠው ሲቀር ቁልፉን ጠንከር አድርጎ ደጋግሞ ይጫናል። በዚያ ሰዓት ካርዱን ያውጡ፣ ከሰልፉ ወጣ ይበሉ፣ ከባንኩ መልእክት መጥቶ እንደሆነ ስልክዎን ይዩ። ብሩ ሳይወጣ ከሂሳብዎ ተቀንሶ ከሆነ ሌላ ሙከራ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ መልእክቱን ይዘው ባንኩን ያነጋግሩ። የተረፈውን ጉልበት በእግር ጉዞ ያውጡት፤ ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር በቂ ነው።

ከዚያ በፊትዎ ያለውን እንደገና ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1928 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኦቶ ቲንክልፓው ጦጣ እያየች ሙዝ ደበቀ፣ ሳታይ ደግሞ በሰላጣ ለወጠው። ጦጣዋ ሌላ ጊዜ ሰላጣ ትበላ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሙዙን ስትፈልግ ቆይታ ሰላጣውን ትታ ሄደች። ታክሲ ያመለጠው ሰውም ባዶ ወንበር ያለው አንበሳ አውቶቡስ በአጠገቡ ሲያልፍ ዝም ብሎ ያየዋል። ስለዚህ አማራጩን ካጡት ጋር አያወዳድሩት። «ዛሬ ታክሲ ባይኖር ኖሮ በዚህ እሄድ ነበር?» ብለው ይጠይቁ።

በስፖርት ውርርድ ላይ ግን ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንዴ ብቻ የሚገኝ ሽልማት፣ ሁልጊዜ ከሚገኘው ይልቅ ከቀረ በኋላም ለረጅም ጊዜ ያስሞክራል። በአንድ ጨዋታ የተበላሸ ትኬት ሌላ ትኬት የሚያስቆርጠውም አንድም በዚህ፣ አንድም ብስጭቱ በሚሰጠው ጉልበት ነው። የሚያወጡትን ብር ጨዋታው ሳይጀመር ይወስኑ፤ ከተበሉ በኋላ የሚወስነው ንዴቱ ነው።