ውሻ የነከሳት ዶሮ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

ሊነጋጋ ሲል ነው ውሻው በቆርቆሮው አጥር ስር ቆፍሮ የገባው። ከስድስቱ ሳሶ ዶሮዎቼ ሁለቱን አገኛቸው። አንዷ ጀርባዋ ተገሽልጦ ቀዩ ስጋ ይታያል። ሌላዋ ትንሽ ላባ ጎድሎባት ቆማ ትሄዳለች። ጎረቤታችን አይተው "ልጄ፣ ያቺ አትተርፍም፣ እረዳት፤ ይቺ ደህና ናት" አሉኝ። የተረፈችው ግን ጀርባዋ የተገፈፈው ናት። ደህና ናት ያልናት በሦስተኛው ቀን ሞተች። ክንፏ ስር ከምስር ፍሬ የማይበልጡ ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ላባው ሸፍኗቸው አላየሁም። ስለዚህ ቢላ ከማንሳታችሁ በፊት፣ "ደህና ናት" ብላችሁም ከመልቀቃችሁ በፊት፣ ይህን አንብቡ።

ፈዝዛ ቁጭ ብላለች፣ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ስጋ ነጥቷል፣ እግሯ ቀዝቅዟል

ድንጋጤና የደም መፍሰስ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ዶሮን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ደም እየፈሰሰ ከሆነ በንጹህ ጨርቅ ተጫኑት፤ ለአምስት ደቂቃ ያህል እየገለጣችሁ አትዩ። ከዚያ ካርቶን ውስጥ አሮጌ ጨርቅ አንጥፉና ጨለም ያለ፣ ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጧት። ልጆች እየመጡ አይንኳት። ጤነኛ ዶሮ የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እጃችሁ ላይ ትሞቃለች። ከቀዘቀዘች ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉ። የአዳማ ከሰዓት ግን ሌላ ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ካስቀመጣችኋት ሙቀቱ ራሱ ይጨርሳታል። አፏን ከፍታ ካለከለከች ቶሎ ነፋሻ ቦታ ውሰዷት፤ እዚያም እንደዚያው ከሆነች ሳንባዋ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጥሩ።

ነቃ ስትል ለምለም (ተቅማጥ ለያዘው ሰው የሚበጠበጠውን ዱቄት) አጠጧት፤ አንድ ፓኬት በ1 ሊትር ውሃ። የምንቃሯን ጫፍ ብቻ ነከር አድርጉላት። ጉሮሮዋ ውስጥ አታፍስሱ፤ የመተንፈሻዋ ቀዳዳ ከምላሷ ሥር ስለሆነ ውሃው ሳንባዋ ውስጥ ይገባል።

ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ ግን ላባዋ ረጥቦ ተጣብቋል

እኔን ያታለለኝ ይሄ ነው። እርጥበቱ የውሻው ምራቅ ነው፤ ምራቅ ካለ ጥርስ ነክቷት ሊሆን ይችላል። የውሻ ጥርስ ጠልቆ ይገባል፣ ላይ ላዩ ቶሎ ይገጥማል፣ ጀርሙ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መብራት አብሩና ላባውን እፍ እያላችሁ ግለጡ። ጀርባዋን፣ ሁለቱንም ክንፍ ስር፣ ጭኗን፣ እንቁላል መውጫዋ አካባቢ፣ ሁሉንም። ቁስሉ ዙሪያ ያለውን ላባ በመቀስ ቁረጡ እንጂ አትንቀሉ፤ ቆዳዋ በጣም ስስ ነው፣ አብሮ ይቀደዳል።

ማጠቢያው ቀላል ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ላይ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ደጋግማችሁ እጠቡ። ከዚያ ቤታዲን፣ ቀጠን ያለ ሻይ እስኪመስል በውሃ ቀጥናችሁ። አልኮል፣ በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ አመድ፣ የቡና ዱቄት፣ አንዱንም አታድርጉ። ስትተነፍስ ቀዳዳው አረፋ ካወጣ፣ ወይም ቆዳዋ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ሲነኩት ከተንኮሻኮሸ፣ የአየር ከረጢቷ (ከሳንባዋ ጋር የተያያዘው፣ አየር የሚይዘው ስስ ከረጢት) ተበስቷል ማለት ነው። እዚያ ውስጥ ውሃ አታስገቡ፤ ዙሪያውን ብቻ ጥረጉ። ጠባብና ጥልቅ ቀዳዳን ቤት ውስጥ አትስፉት፤ ጀርሙን ቆልፎ ያስቀረዋል።

አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በግምት አትስጡ፤ የእንስሳት ሐኪም መጠኑን ይንገራችሁ። እንቁላሏ ለስንት ቀን እንደማይበላም ጠይቁ። ከባድ ከሆነ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከእኛ 50 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው።

ቆዳዋ ተገሽልጦ ተንጠልጥሏል

ያስፈራል፣ ግን ተስፋ አለው። እንደዚያው እጠቡ፣ ቆዳውን ወደ ቦታው መልሱ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ካገኛችሁ ይስፋላችሁ። ካልሆነ ንጹህ ማር ስስ አድርጋችሁ ቀቡና በጎዝ ሸፍኑ። በየቀኑ ቀይሩት።

ቁስሉ ላይ ነጫጭ ነገር ይታያል

ሩዝ የመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ከሆኑ የዝንብ እንቁላል ናቸው፤ በሙቀታችን በአንድ ቀን ትል ይሆናሉ። በወረንጦ አንድ በአንድ ልቀሙ፣ በጨው ውሃ እጠቡ፣ በማግስቱም ፈልጉ። ዝንብ እንዳያገኛት ካርቶኑን በነጠላ ሸፍኑ፣ ኩሷንም ቶሎ ቶሎ ጥረጉ። ደም ያዩ ሌሎች ዶሮዎችም ይወቅሯታል፣ ስለዚህ ለብቻዋ ትሁን። ነጩ ነገር እንደ አይብ የጠጠረ ከሆነ ግን መግል ነው። የዶሮ መግል እንደ ሰው አይፈስም፤ ስለዚህ ሐኪም ከፍቶ ያውጣላት።

ቆዳዋ አረንጓዴ ሆነ

እኔ በስብሷል ብዬ ደንግጬ ነበር። የዶሮ ስጋ ሲበልዝ ከጥቂት ቀን በኋላ አረንጓዴ ይሆናል፤ ደህና ነው። የሚያሳስበው ጥቁር ሆኖ የሚሸት ሲሆን ነው።

ስለ ውሻው

ሳልጠይቃችሁ ማለፍ የሌለብኝ ይሄ ነው፦ ስታስጥሏት እናንተን ነክሷችኋል ወይ ቧጭሯችኋል? ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ አይመለስም። ዶሮዋን ስትነኩም ጓንት አድርጉ። ውሻው ያበደ ከመሰለ ስጋዋን አትብሉ።

ወደ ጓደኞቿ የምትመለሰው ቁስሉ በቆዳ ሲሸፈን ነው። መጀመሪያ በሽቦ ለይታችሁ አጠገባቸው አቆዩአት። የኔዋ በስድስተኛው ሳምንት ተመለሰች። ከአጥሩ ስር አሁን ድንጋይ ቀብሬበታለሁ። ጀርባዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ላባ ያልበቀለበት ቦታ አለ፣ ፀሐይ ሲከር እንዳያቃጥላት ማድ ቤቱ ጥግ ጆንያ ወጥሬላታለሁ፤ ሰባት ሰዓት ሲሆን ራሷ ሄዳ እዚያ ትተኛለች።