ባትሪ ግሪፕ ካሜራ ላይ እንዴት ይገጠማል? (በተለይ ካኖን 70ዲ እና 80ዲ ላላችሁ)

ሰርግ የምትሰሩ ታውቁታላችሁ፣ ጠዋት ሙሽራዋ ሜካፕ ላይ እያለች የተጀመረ ካሜራ ማታ ኬክ እስኪቆረስ በአንድ ባትሪ አይዘልቅም፣ ደግሞ ካሜራውን አቁሞ ቀኝ ክርንን ሰቅሎ ፖርትሬት ሲያነሱ መዋል ትከሻ ይጨርሳል። ባትሪ ግሪፕ ለሁለቱም ነው፤ ከስር ይገጠማል፣ ሁለት ባትሪ ይይዛል፣ ጎኑ ላይ ሌላ ሹተር (ፎቶ ማንሻ ቁልፍ) አለው። ችግራችሁ የባትሪ ብቻ ከሆነ ግን እኔ ብሆን ግሪፑን ትቼ ትርፍ ባትሪ ገዝቼ ኪሴ ውስጥ ነው የማደርገው፣ ርካሽም ቀላልም ነው።

ግዢው ላይ ተጠንቀቁ። "የካኖን ግሪፕ ነው" ብቻ ከተባላችሁ እንዳትከፍሉ፣ ግሪፕ የሚሄደው በሞዴል ነው። ለ70ዲ እና 80ዲ ቢጂ-ኢ14፣ ለ600ዲ እና 700ዲ ቢጂ-ኢ8፣ ለ5ዲ ማርክ 3 ቢጂ-ኢ11፣ ለ5ዲ ማርክ 4 ደግሞ ቢጂ-ኢ20 ነው፣ ማርክ 3 እና ማርክ 4 ወንድማማች ናቸው ብላችሁ አንዱን ለሌላው እንዳትወስዱ። እንደ ሜይኬ ያሉ ኦሪጅናል ያልሆኑም አሉ፣ ዋጋቸው ይቀንሳል፣ ግን እዛው ሱቅ ገጥማችሁ ሹተሩንም ዳያሉንም (በጣት የሚዞረውን ማስተካከያ) አንድ በአንድ ሞክሩ።

አሁን ወደ መግጠሙ። ካሜራውን አጥፉና ባትሪውን አውጡ። የባትሪውን በር ክፈቱት፣ ማጠፊያው ጋ በጥፍር የምትገፋ ትንሽ ፒን አለች፣ እሷን ስትገፏት በሩ ራሱ ይለቃል፣ ካልለቀቀ ፒኗ በደንብ አልተገፋችም ማለት ነው እንጂ በጉልበት አይጎተትም። የወጣውን በር የትም እንዳትጥሉት፣ ግሪፑ ላይ የሱ ማስቀመጫ ቦታ አለ።

ከዛ የግሪፑን ዘንግ መሰል ነገር ባትሪው በነበረበት ቀዳዳ ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ግሪፑና ካሜራው ሲገጣጠሙ ጥርስ ያላትን ማጥበቂያ በጣት አዙሩ፣ ብሎኑ የሚገባው ትራይፖድ የሚታሰርበት ቀዳዳ ውስጥ ነው። በጣት የቻላችሁትን ያህል ይበቃል፣ ፒንሳ አያስፈልግም። ስራ ላይ እያላችሁ ግን መሀል መሀል ንኳት፣ ምክንያቱም ስትላላ ኮንታክቱ (ግሪፑና ካሜራው በኤሌክትሪክ የሚገናኙበት) ይለቅና ካሜራው ባትሪ እያለው ድርግም ይላል፣ ሰውም ግሪፑ ተበላሸ ይላል።

የባትሪ ትሪውን ስባችሁ ሁለት ኤልፒ-ኢ6 (የ70ዲ እና 80ዲ ባትሪ) ክተቱ፣ አንድ ብቻም ቢሆን ይሰራል። ከቢጂ-ኢ14 ጋር ሌላ ትሪ ይመጣል፣ እሱ 6 ዶብል ኤ ድንጋይ ይይዛል፣ መብራት ጠፍቶ ቻርጅ ሳታደርጉ ለወጣችሁበት ቀን ነው እንጂ ብዙ አይቆይም። ካሜራውን ስታበሩ ሜኑ ውስጥ የባትሪ መረጃ የሚለው ጋ የሁለቱም ፐርሰንት ለየብቻ ይታያል።

የግሪፑ ሹተር አልሰራም ብላችሁ ልትመልሱት ከሆነ ቆዩ፣ ግሪፑ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ እሱን ኦን አድርጉት። በአግድም ስታነሱ ደግሞ አጥፉት፣ መዳፋችሁ ሳታውቁት ይጫነዋል።

ኒኮን ላይ ለየት ይላል። ለዲ7100 እና ዲ7200 የሚሆነው ኤምቢ-ዲ15 ሲገጠም የካሜራው ባትሪ እዛው ውስጥ ይቀራል፣ በሩም አይነቀልም፣ ከስር ያለችውን የኮንታክት ጎማ ብቻ አውጥታችሁ ግሪፑ ላይ ባለው ቦታዋ ታስቀምጧታላችሁ፣ የትኛው ባትሪ ይቅደም የሚለውን ከሜኑ ነው የምትመርጡት። ዲ850 ላይ በኤምቢ-ዲ18 ትልቁን ባትሪ ካስገባችሁ በሰከንድ ከ7 ወደ 9 ፎቶ ይወጣል፣ 70ዲ እና 80ዲ ላይ ግን እንዲህ አይነት ፍጥነት አትጠብቁ።

ካሜራውን ጊምባል (ቪዲዮ ስትቀርጹ እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘው) ላይ ልትጭኑት ከሆነ ግሪፑን አውልቁት፣ ይከብዳል፣ ባላንሱንም ያበላሻል። ሲወልቅ መጀመሪያ ካሜራው ይጥፋ፣ ትሪው ይውጣ፣ ከዛ ማጥበቂያዋ ትላላ፣ በሩንም ፒኗን ገፋ አድርጋችሁ ቀጭ እስኪል መልሱት።