የሶላር ፓኔል ሽፋን ስንት ዓመት ይቆያል? ድሬዳዋና ሐረር ላይ ስሌቱን የሚያበላሹ ስህተቶች

ፓኔል ሲያረጅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ሲሊከኑ ሳይሆን ከውሃና ከአየር የሚጠብቀው ፕላስቲክ ነው፤ ማለትም ሴሎቹን ከመስታወቱ ጋር ያጣበቀው ኢቪኤና ከኋላ የተለበጠው ባክሺት።

የዋስትናን ዓመት ዕድሜ ነው ብሎ መያዝ። ሻጭ የሚጠራው 25 ዓመት የኃይል ዋስትና ነው፤ ማለትም የፓኔሉ ዋት ከተባለው በታች እንደማይወርድ የሚሰጥ ቃል። ባክሺት ቢሰነጠቅ የሚመለከተው የምርት ዋስትናው ነው፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው።

የላብራቶሪ ሰዓትን ወደ ዓመት መመንዘር። አይኢሲ 61215 የተባለው ዓለም አቀፍ የፓኔል መፈተኛ ደረጃ ፓኔሉን በ85 ዲግሪ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት 1000 ሰዓት ያቆየዋል። ፈተናው የአሠራር ጉድለት ለመለየት ነው፣ ዕድሜ አይለካም። ሙቀቱን ብቻ ይዘን፣ ሙቀት ሲጨምር ብልሽት ምን ያህል እንደሚፈጥን በሚያሰላው በአሬኒየስ ቀመር ወደ 45 ዲግሪ ብናወርደው፣ አክቲቬሽን ኢነርጂው (ሙቀት ብልሽቱን ምን ያህል እንደሚያፈጥን የሚወስነው ቁጥር) 0.6 ኤሌክትሮን ቮልት ከሆነ 1000 ሰዓቱ 1.3 ዓመት ገደማ ይሆናል፤ 0.9 ከሆነ 4.5 ዓመት። ስለዚህ የአክቲቬሽን ኢነርጂውን ቁጥር ከሌላ ሰው ጥናት መዋስ አያዋጣም፤ ያንኑ ዕቃ ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ሙቀቶች መፈተን ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ብዙ ባክሺት ውስጥ ያለው ፒኢቲ የተባለ ፕላስቲክ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ጠባዩ ይለወጣል። በ85 ዲግሪ የታየው አበላሸጥ በ50 ዲግሪ ከሚሆነው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

የአየሩን ሙቀት የፓኔሉ ማድረግ። የፓኔሉ ወረቀት ላይ ኤንኦሲቲ (ፓኔሉ ሥራ ላይ ሆኖ የሚደርስበት መደበኛ ሙቀት) 45 ተብሎ ከተጻፈ፣ በካሬ ሜትር 1000 ዋት በሆነ ፀሐይ ፓኔሉ ከአየሩ 31 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። ድሬ 35 ዲግሪ በሆነችበት ቀን ይህ 66 ዲግሪ ነው። ቆርቆሮ ላይ ተጣብቆ ከተገጠመ ደግሞ ከዚያም ያልፋል፤ አየር እንዲያልፍ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ክፍተት ይተውለት።

በአማካይ ሙቀት ማስላት። ይሄ ከሁሉም የሚብሰው ነው፣ ስሌቱ ትክክል ስለሚመስል። ጉዳቱ በየ10 ዲግሪው በእጥፍ ያድጋል እንበል። ፓኔሉ ግማሹን ጊዜ 30፣ ግማሹን 60 ዲግሪ ቢውል፣ ጉዳቱ አንዴ 1 አንዴ 8፣ በአማካይ 4.5 ነው። በአማካዩ ሙቀት በ45 ዲግሪ ያሰላ ሰው ግን የሚያገኘው 2.8 ብቻ ነው፤ የተነበየው ዕድሜ በ60 በመቶ ገደማ ይረዝምበታል። ሙቀቱን በየሰዓቱ መዝግቦ፣ የየሰዓቱን ጉዳት አስልቶ መደመር ነው መፍትሔው።

አልትራቫዮሌትን መርሳት። በዚያው በአይኢሲ 61215 ውስጥ ያለው የአልትራቫዮሌት ፈተና በካሬ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት ፀሐይ በሚያገኝ ቦታ፣ 5 በመቶው አልትራቫዮሌት ቢሆን፣ ያንን ያህል ጨረር ለማግኘት 50 ቀን ይበቃዋል። ድሬ 1200፣ ሐረር 1900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ጨረሩ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ሐረር ላይ ይበረታል። ሙቀቱ ደግሞ ድሬ ላይ ይከፋል። ለሁለቱ አንድ ግምት አይሠራም።

ዋት እያዩ ብቻ ደህና ነው ማለት። ባክሺት ተሰንጥቆም ፓኔሉ ሙሉ ዋት ሊሰጥ ይችላል፤ ችግሩ የሚታየው ጠል ባለበት ጠዋት ወይም ዝናብ ሲጥል ኢንቨርተሩ እየጠፋ ሲያስቸግር ነው። ጀርባውን በጣት ጠረግ ሲያደርጉት ነጭ ዱቄት ከወጣ ሽፋኑ መበላት ጀምሯል። ኢንሱሌሽኑም (ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ እንዳይሾልክ የሚከላከልበት አቅም) የሚለካው ፓኔሉን አርሶ ነው፦ መለኪያው ያሳየው ሜጋኦም በፓኔሉ ካሬ ሜትር ሲባዛ ከ40 ማነስ የለበትም፤ ለ2 ካሬ ሜትር ፓኔል 20 ሜጋኦም ማለት ነው። በበጋ ደረቁን ለክቶ ያለፈ ፓኔል በመጀመሪያው ዝናብ ሊወድቅ ይችላል።