በሰው አገር ከተማ ቅዳሜና እሁድ ከልጆች ጋር ለምትወጡ
ለጥቂት ወራት ውጭ አገር የምትቆዩ ከሆነ የቅዳሜውን መንገድ ዓርብ ማታ አጣሩ። የባቡር ሐዲድ ጥገና ብዙ ጊዜ በዕረፍት ቀናት ስለሚሠራ፣ በሳምንቱ የለመዳችሁት መስመር ተዘግቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። የመጨረሻውን መመለሻ ሰዓትም እዩ፤ እሁድ ቀደም ብሎ የሚያበቃበት ከተማ አለ። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ቤት ሳላችሁ አውርዱት።

በቀን አንድ ቦታ ይበቃል። ትንንሽ ልጆች ካሉ በሩ ሲከፈት ግቡ፣ ሳይደክማቸው ውጡ።

ከሁሉም በላይ ግን እያንዳንዱ ልጅ ኪስ ውስጥ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አይጥፋ። የሚጻፈው አሁን ስልካችሁ ላይ ያለው ሲም ቁጥር ነው፣ ከነአገር መለያ ኮዱ። የድሮው ሲም ወጥቶ ከተቀመጠ፣ ልጁን ያገኘው ሰው ቢደውልም አያገኛችሁም። ወረቀቱን በሰፊ ግልጽ ፕላስተር ሁለቱንም ፊት ሸፍኑት፤ ዝናብም ላብም ቀለሙን አያጠፋውም።