«አይመለከታችሁም» ሲሏችሁ መጀመሪያ 24ኛዋን ሳጥን እዩ

አሜሪካ ጦር ውስጥ አገልግለው የወጡ የአገር ልጆች ወረቀት ይዘው ይመጡልኛል። የጥቅማጥቅም ማመልከቻው ተሞልቷል፣ መታወቂያው አለ፤ የስቴቱ የቬተራኖች (የቀድሞ ወታደሮች) ቢሮ ግን «አይመለከታችሁም» ብሎ መልሷቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያው አንዱ ስለሆነ እሱ ላይ እቆያለሁ።

ምልክት፦ ዲዲ 214 (ከጦሩ ስትወጡ የሚሰጣችሁን የስንብት ወረቀት) አስገብታችሁ «የስንብታችሁ ዓይነት አይታይም» ተባላችሁ

ያስገባችሁት አጭሩን ቅጂ ነው። ሜምበር 1 የሚባለው ላይ የስንብት ዓይነት የለም። ሜምበር 4 ላይ ግን 24ኛዋ ሳጥን በምን ዓይነት ስንብት እንደወጣችሁ፣ 28ኛዋ ደግሞ ለምን እንደወጣችሁ ትናገራለች። ቢሮው የሚፈልገው እሱን ነው። የቅጂው ስም ከገጹ ግርጌ ተጽፏል።

አንዱ ልጅ ወረቀቱን በፕላስቲክ አስለብጦ፣ ፍሬም ውስጥ ከትቶ ሳሎን ሰቅሎታል። ከነፍሬሙ ይዞት መጣ። ግርጌውን ሳይ ሜምበር 1! ሦስት ጊዜ ያንኑ ልኮ ሦስት ጊዜ ተመልሶለታል። ሜምበር 4 የት ተገኘ? ከጦሩ ባመጣው ሻንጣ ውስጥ፣ ከአሮጌ ካልሲ ሥር። ሌላዋ ደግሞ ትክክለኛው ቅጂ ነበራት። በስልክ ስታነሳው አውራ ጣቷ ልክ 24ኛዋ ሳጥን ላይ አርፏል። ኧረ እባካችሁ ስካን አድርጉ!

ከጠፋባችሁ ከናሽናል አርካይቭስ (ከፌዴራሉ መዝገብ ቤት) ይጠየቃል፤ በኢንተርኔት ወይም በስታንዳርድ ፎርም 180። ለባለቤቱ በነጻ ነው። «እናወጣላችኋለን» ብለው ገንዘብ ለሚጠይቁ ድረ ገጾች ሳንቲም አትስጡ። ፎርሙ ላይ «አንዲሊትድ» (ምንም ያልተቆረጠለት) የሚለውን ምረጡ። «ዲሊትድ» ላይ ምልክት ካደረጋችሁ የስንብቱ ዓይነት ተቆርጦ ይመጣል፤ ተመልሳችሁ እዚያው ናችሁ።

ምልክት፦ ሳጥኗ «ጄነራል» ትላለች፤ አንዱ ጥቅም ተፈቀደ፣ ሌላው ተከለከለ

ጄነራል ማለት ከኦነረብል (ከሙሉ ክብር ስንብት) አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ስንብት ነው። ቢሮው አልተሳሳተም። ደንቡ በየስቴቱና በየጥቅሙ ይለያያል። ቴክሳስ በሄዝልዉድ ሕግ እስከ 150 ክሬዲት ሰዓት የኮሌጅ ክፍያ ሲምር ጄነራልንም ይቀበላል። የፌዴራሉ የትምህርት ድጋፍ፣ የድኅረ 9/11 ጂአይ ቢል፣ ግን ኦነረብል ካልሆነ አይሆንም ይላል። «ጓደኛዬ አግኝቷል» ማስረጃ አይደለም። የምትጠይቁትን ጥቅም ደንብ አንብቡ።

ምልክት፦ «አዘር ዛን ኦነረብል»

ይህ ከጄነራልም ዝቅ ያለ ስንብት ነው። ተስፋ አትቁረጡ፣ ግን ዝም ብላችሁም አትቀመጡ። ኒው ዮርክ በ2019 ባወጣው ሕግ፣ ስንብቱ ከፒቲኤስዲ (ከአስደንጋጭ ገጠመኝ በኋላ ከሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት)፣ ከጭንቅላት ጉዳት፣ ከወሲባዊ ጥቃት ወይም ከጾታ ዝንባሌ ጋር የተያያዘ ከሆነ የስቴቱን ጥቅም ለማግኘት ማመልከት ይቻላል። ስንብቱን ራሱን ለማስቀየር ዲዲ 293 የሚባለው ፎርም ይሞላል፤ ከወጣችሁ 15 ዓመት ሳይሞላ። ካለፈ፣ ወይም በጄነራል ኮርት ማርሻል (በከፍተኛው የጦር ፍርድ ቤት) ተፈርዶባችሁ ከሆነ፣ መንገዱ ዲዲ 149 የሚባለው ፎርም ነው።

ዲዲ 214 ላይ ያለው ስም ከመታወቂያችሁ ጋር ካልገጠመ (የአያት ስም ገብቶ ወይም ዜግነት ሲወሰድ ተቀይሮ) የስም ለውጡን ሰነድ አያይዙ። በናሽናል ጋርድ (በስቴቱ ተጠባባቂ ጦር) ውስጥ ብቻ ከነበራችሁ ኤንጂቢ 22 የሚባለውን የጋርዱን የስንብት ወረቀት ፈልጉ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ስድስት ወር ስትቆይ በራሱ ኦነረብል ይሆናል» የሚባለው የካምፕ ወሬ ነው። በራሱ የሚቀየር ነገር የለም። ይህን አምኖ የተቀመጠ ሰው መጥቶልኝ ነበር። ከወጣ ስንት ጊዜው ነው? አሥራ አራት ዓመት ከሰባት ወር። ቡናው ሳይፈላ 293ን መሙላት ጀመርን።