የሕግ መጽሐፉን እስከ በረካ ዝጉት

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በዳይስ የሚጫወተው የተረት ጨዋታ) ስትጫወቱ በየደቂቃው "ቆይ ሕጉን ልየው" እየተባለ ጨዋታው የሚቆምባችሁ ከሆነ ይቺን ሞክሯት። እኛ ጅማ ቡና እየተፈላ ነው የምንጫወተው፣ ስለዚህ ከአቦል እስከ በረካ ተጨማሪ የሕግ መጽሐፍ አይከፈትም። ግራ የሚያጋባ ነገር ሲመጣ አጫዋቹ (ታሪኩን የሚመራው ሰው) ቁጥር ይጠራል፦ ቀላል 10፣ መካከለኛ 15፣ ከባድ 20። ተጫዋቹ ባለ 20 ገጽ ዳይሱን ጥሎ የገጸ ባሕርዩን የችሎታ ጭማሪ ነጥብ ይደምራል፣ ቁጥሩን ከሞላ ተሳካለት። በቃ። የሚሠራው ቁጥሮቹ ከራሱ ከመሠረታዊው ሕግ ስለመጡ ነው፤ ተጨማሪዎቹ መጻሕፍት በአብዛኛው ዝርዝር ነው የሚጨምሩት። ክርክሩን ወረቀት ላይ ያዙትና በረካ ሲቀዳ ፈልጉት። ገጸ ባሕርይ ሊሞት ሲል ግን በግምት አትወስኑ፣ ያኔ መጽሐፉን ክፈቱት፤ ሰው ወራት የለፋበት ነው።